ክቡር ይግባኝ የመሰከሩ ዕለት

ቡድኑ ተሸንፎ የማያውቅ ደጋፊ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ቡድኑማ ይሸነፋል፤ እንደ ማንኛውም ቡድን ተበልጦ፣ ላቡን ጠርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ መልበሻ ክፍል ይገባል። ደጋፊው ግን አይሸነፍም፤ ይዘረፋል እንጂ። በአንድ ነጥብም ይዘረፋል፣ በሠላሳ ነጥብም ይዘረፋል። የቡድኑ ልጆች ቅርጫቱን ስተው ሰሌዳውን ሲወግሩት ቢውሉ፣ ሰሌዳውን ያዘመመው ዳኛው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም የሚል አንባቢ ካለ መስተዋት ፊት ይቁም።

የእኛ ሰፈር ድርሻ ልብስ ሰፊው ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ንግድ ፈቃዳቸው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል፤ ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ይግባኝ» በሚለው ነው። «ክቡር»ን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጨምሬም አልተጸጸትኩም፤ በጋ ከክረምት ሳይዘጋ የሚያስችል ችሎት የእሳቸው ብቻ ነውና።

ችሎቱ የሚሰየመው ልብስ ስፌት ቤታቸው ውስጥ ነው። ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ እጅጌያቸውን የሚጠብቁ ኮቶች፣ እርጥብ ሱፍ ሲተኮስ የሚወጣው ሽታ። ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው በተመልካቹ ዓይን ልክ ሳይሆን በክቡር ይግባኝ እጅ ልክ ነው። ምክንያት አለው። አከራካሪ ነገር ተፈጥሮ ድጋሚ ምስሉ ሲመጣ፣ ክቡርነታቸው ጆሯቸው ላይ የሰኳትን ጠመኔ መዘው ይነሱና መስተዋቱ ላይ ያሰምራሉ። «ይኸው መስመሩ። ይኸው ጫማው። ይኼ ጫማ ውስጥ ነው ያለው ወይስ ውጭ? ይመዝገብልኝ።» የሚመዘግብላቸው የለም። ድጋሚ ምስሉ ካለፈ በኋላም መስመሩ እዚያው ይቀራል። ዜና አንባቢዋ ስለ ዓለም ሁኔታ ስትናገር፣ አንገቷ ላይ ያለፈው እሁድ የጎን መስመር ተጋድሞ ታየዋለህ።

ጠመኔው ያልፈታውን ሜትሩ ይፈታዋል። ከአንገታቸው አውርደው የተጫዋቹን እርምጃ ቴሌቪዥኑ ላይ ይለኩና፣ በልብስ ሰፊ ሂሳብ አባዝተው፣ ጥቂት ለስፌት ትርፍ ጨምረው፣ የተቃራኒ ቡድን ሰው ኳሷን አንዴም ሳያነጥር ከአንዱ ቅርጫት እስከ ሌላው እንደተራመደ አረጋግጠው ይቀመጣሉ።

ይህ ቤት አንድ ሕግ አለው፤ ጨዋታ ይታያል እንጂ አይሰማም። ክቡር ይግባኝ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይዘጋሉ። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ በእሳቸው አነጋገር «የዳኛው ጠበቃ» ነው፤ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር «ትክክለኛ ውሳኔ» እያለ ሸንጎውን ያሳስታል። ስለዚህ ቤት ሙሉ ሰው ድዳ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ይጮሃል። ፊሽካው እንደተነፋ የምናውቀው የዳኛው ጉንጭ ሲያብጥ ነው። በመንገድ የሚያልፍ እንግዳ ሰው ውስጥ ወንድማማቾች ውርስ የሚካፈሉ ይመስለዋል።

የዚህ ሁሉ ገፈት ቀማሽ ልብሳችን ነው። ክቡር ይግባኝ እጃቸው ወርቅ ነው፤ ይህን ጠላትም አይክደው። ግን የፍጻሜው ተከታታይ ጨዋታ ሲመጣ፣ ማለትም ሁለቱ የመጨረሻ ክለቦች ደጋግመው ተጋጥመው ቀድሞ አራት ጊዜ ያሸነፈው ዋንጫውን የሚወስድበት ወቅት ሲደርስ፣ እጃቸውና ዓይናቸው ይፋታሉ። እግራቸው መኪናውን ይረግጣል፤ ዓይናቸው ዳኛው ላይ ነው። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ልብስ በጨዋታ ይለያል። የባንኩ ዘበኛ ሱሪ ግራ እግሩ አጭር ነው፤ «እሱ የሁለተኛው ጨዋታ ነው» ይባላል። የአስተማሪዋ ጉርድ ዚፑ ወደ ታች ሲጎተት ነው የሚዘጋው፤ የአራተኛው። የዳኛው ጉንጭ ባበጠ ቁጥር ደግሞ መርፌዋ ያገኘችውን ኪስ ሰፍታ ታልፋለች። እጁን ወደ ኪሱ ልኮ ደጅ የቀረበት ደንበኛ አይቆጣም። «የትኛው ፊሽካ ላይ ነው?» ብሎ ጠይቆ ይሄዳል።

ክቡርነታቸው የቢጫዎቹ ደጋፊ ናቸው። ቢጫዎቹ ዋንጫ የጠገቡ ክለብ ናቸው፤ ሲወስዱ በችሎታቸው፣ ሲያጡ በዳኛ። ሰፈሩም በአብዛኛው ቢጫ ነው፤ ሰው ያሸነፈ ቤት ማምሸት ይወዳል።

አንድ ሰው ብቻ ቢጫ አይደሉም። ከልብስ ስፌት ቤቱ ደጃፍ፣ ግድግዳውን ተደግፋ በቆመች የመስተዋት ሳጥን ውስጥ ሰዓት ጠጋኙ ይቀመጣሉ። አባ ደቂቃ እንላቸዋለን። አንደኛው ዓይናቸው ገና በጎልማሳነታቸው ከድቷቸዋል፤ በቀረችው ላይ ማጉያ ገጥመው ከሰሊጥ ያነሰ ብሎን ሲፈቱ ይውላሉ። የሰማያዊዎቹ ደጋፊ ናቸው። አባታቸውም የሰማያዊዎቹ ነበሩ። ሰማያዊዎቹ ደግሞ ዋንጫ አንስተው አያውቁም፤ አባትየው ይህን ሲጠብቁ ሲጠብቁ ነው ያለፉት። ልጅየውም ወንበሩን ወርሰው መጠበቁን ቀጠሉ።

የሁለቱን ሽማግሌዎች ጭቅጭቅ ላየ ሰው ባልና ሚስት እንጂ ጎረቤት አይመስሉትም። ክቡር ይግባኝ ዳኛ የሚባል ፍጥረት ከነፊሽካው ሌባ ነው ይላሉ። አባ ደቂቃ ደግሞ ዳኛ የመጨረሻውን ቃል ካልተናገረ ጨዋታ ማለቂያ የለውም፣ የማያልቅ ነገር ደግሞ ጨዋታ ሳይሆን ጥርስ ሕመም ነው ባይ ናቸው። ሰማያዊዎቹ አንድ ጨዋታ ባሸነፉ ቁጥር ክቡር ይግባኝ በር ላይ ወጥተው የሚሉት ያው ነው። «ስጦታ ነው። ዳኛው ጠቅልሎ፣ አስሮ ሰጣችሁ።» አባ ደቂቃ ማጉያቸውን ሳያነሱ፣ «እንግዲያው ስታገኘው አመስግንልን» ይላሉ። ይህን መባባል የጀመሩት ጸጉራቸው ጥቁር ሳለ ነው ይባላል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

አንድ ቀን ክቡር ይግባኝን ንግድ ፈቃድ ሊያሳድሱ ወረፋ ቆመው አገኘኋቸው። እኔም ለራሴ ጉዳይ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ጠዋት የጀመረ ወረፋ ነው፤ እግራችን ደንዝዟል። ተራቸው ደርሶ ወደ መስኮቱ ጠጋ ሲሉ፣ ጸሐፊው ያን ጊዜ ከመንገድ የገባ አንድ ወዳጁን በጎን በር ጠርቶ አስገባና መስኮቱን አፍንጫቸው ላይ ዘጋው። ይህ ግልጽ ጥፋት ነው። ልጅ እንኳ ይፈርደዋል። እኔ፣ ክቡርነታቸው ጠመኔያቸውን መዘው ግድግዳውን ሊያሰምሩት ነው ብዬ ወደ ኋላ ሁሉ ብያለሁ። እሳቸው ግን አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ «እሺ ጌታዬ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ» አሉ። ለተዘጋ መስኮት።

ደሜ ፈላ። ተከትያቸው ወጥቼ መኪና በሚተላለፍበት መንገድ ዳር ጮህኩባቸው። በኳስ ጉዳይ መስተዋት የሚያስቧጥጥ ወኔ በራስዎ ጉዳይ ሲሆን የት ይገባል አልኳቸው። እኛ ሰዎች ፍትሕ የሚጠማን ቴሌቪዥን ሲከፈት ብቻ ነው፣ ዳኛው ስለማይሰማን ነው የምንሰድበው፣ የሚሰማን ፊት ስንቀርብ ምላሳችን ይታጠፋል አልኳቸው። ሌላም ብዙ አልኩ። ክቡር ይግባኝ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝና፣ ትከሻዬ ላይ የተጣበቀ ክር በሁለት ጣታቸው እያነሱልኝ፣

«ልጄ፣ እዚያ እኮ ድጋሚ ምስል የለም» አሉኝ። «ምኑ ላይ ላስምር?»

ንዴቴን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ እኚህ ሰው ልጽፍ አስቤያለሁ፤ ላሞግሳቸው አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የታቀደው ለተግሣጽ ነው። ያበላሸው የዘንድሮው ፍጻሜ ነው።

ዘንድሮ ለፍጻሜው የደረሱት ቢጫዎቹና ሰማያዊዎቹ ናቸው። እየተቀማሙ ሦስት ሦስት አሸነፉ፤ ዋንጫው ለመጨረሻው እሁድ ከሰዓት ተቀጠረ። ሰፈሩ ሁለት ጠላት መንደር መሰለ፤ አንደኛው መንደር ውስጥ ግን ነዋሪው አባ ደቂቃ ብቻ ናቸው።

በዚያው ሳምንት ያቺ አንዲት ዓይናቸው እምቢ አለች። ለካ ሞራ ጋርዷት ኖሯል፤ ሰዓት ሲጠግኑ የከረሙት በጣታቸው እያዩ ነው። ሐኪሙ ሞራውን ገፎ ዓይናቸውን በፋሻ ሸፈነና ትእዛዝ ሰጠ፤ ፋሻው እስኪፈታ አትጎንበስ፣ አትጩህ፣ አታልቅስ፣ ልብህን የሚያዘልል ነገር አትቅረብ። ስለ ቅርጫት ኳስ አንድም ቃል አልተናገረም። ሚስታቸው ግን ትርጉሙ ገብቷቸዋል። እቤት ያለውን ሬዲዮ ደበቁት።

እሁድ ከሰዓት እኔ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ የሄድኩት ገበሩ የተቀደደ ኮቴን ልወስድ ነበር። አልደረሰም። ቤቱ በቢጫ ደጋፊ ጢም ብሏል፤ ዳቦ ጋጋሪው ከነዱቄቱ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከነመሰላሉ ገብተዋል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል በሩ ላይ አባ ደቂቃ በሚስታቸው ክንድ ተደግፈው ቆሙ። ፋሻው ግማሽ ፊታቸውን ሸፍኖታል።

«ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ግድግዳ ከሚመታ ብዬ ነው» አሉ ሚስትየው። ከዚያ ወደ ክቡር ይግባኝ ዞረው፣ «ጋሼ፣ አደራዎን። ከጮኸ እርስዎን ነው የምጠይቀው። ያን ጊዜ ይግባኝ የለም።»

አንድ ወንበር ተለቀቀ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አዝኖ፣ ቢያንስ ይስሙት ብሎ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ፣ ሁለቱም ሽማግሌዎች በአንድ አፍ ተው አሉት። አባ ደቂቃም ያንን ለፍላፊ አያምኑትም፤ ኳሱ ሳይነሳ ገባ ይላል። እኛ እንነግርዎታለን ያሏቸው ነበሩ። አባ ደቂቃ ሳቁ፤ እናንተ ሁላችሁ ቢጫ ናችሁ፣ ገደል ብገባ ደረጃ ነው ትሉኛላችሁ አሉ። ታዲያ ማን ይንገርዎ ተባሉ።

«እሱ» አሉ አባ ደቂቃ፣ በአገጫቸው ወደ መኪናው ድምፅ እያመለከቱ።

ዳቦ ጋጋሪው፣ እሳቸው እኮ ከሁላችንም የባሱ ናቸው አለ።

«ለዚያ ነዋ።» አባ ደቂቃ ድምፃቸውን ሐኪሙ በፈቀደው ልክ ዝቅ አደረጉ፤ የስፌት መኪናው ቆመ። «ስማ ወንድሜ። ዕድሜ ልኬን ስጦታ ነው፣ ስጦታ ነው ስትለኝ ኖርክ። ዛሬ ምናልባት ከወሰድነው፣ በሐቅ ይሁን በስጦታ ማወቅ እፈልጋለሁ። ደግሞም እንደምታየኝ ዓይን የለኝም። ዘመድ ቢነግረኝ ሊያስደስተኝ ነው እላለሁ። አንተ ከነገርከኝ ግን አምናለሁ።»

ክቡር ይግባኝ ብድግ አሉ። የመቁረጫ ጠረጴዛውን በክንዳቸው ጠረጉት፤ የእኔ ኮት ወደ መኪናው በረረ። በጠመኔያቸው የሜዳውን መስመር ጠረጴዛው ላይ አሰመሩ፤ ሁለት የክር ጥቅል ወዲያና ወዲህ አቁመው ቅርጫት አሏቸው። ከዚያ የቁልፍ ሣጥናቸውን ገለበጡ። አምስት ትልልቅ የካፖርት ቁልፍ ለሰማያዊዎቹ፣ አምስት ትንንሽ የሸሚዝ ቁልፍ ለቢጫዎቹ። ኳሷ መርፌ እንዳይወጋቸው የሚያጠልቁት የጣት ቆብ ሆነች።

አባ ደቂቃ በጣታቸው ዳበሱና፣ «ትልልቁን ለኛ?» አሉ።

«ዳኛውን ጨምሬ ነው የለካሁት።»

ጨዋታው ተጀመረ። ክቡር ይግባኝ በመጀመሪያ የቆሙት እንደ ምስክር ሳይሆን እንደ ጠበቃ ነበር። የአባ ደቂቃን ጣት ይዘው ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ይመራሉ፤ ግን እግረ መንገዳቸውን፣ ይኼ የእናንተ ሰው ሦስት እርምጃ ሰርቆ፣ ይኼኛውን በክርኑ ገፍቶ፣ ዳኛው ዓይኑን ወደ ጣራ ሰቅሎ እያሉ ነው። አባ ደቂቃ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው፣ «እሺ፣ ገባ ወይስ አልገባም?» ይላሉ። «ገብቷል እንበል» ይላሉ ክቡርነታቸው። እንበል የለም፣ ሰዓት እንበል ብሎ አይሄድም፣ ገባ በል ወይ አልገባም በል ይላሉ አባ ደቂቃ። ክቡር ይግባኝ ምራቃቸውን ይውጣሉ። «ገብቷል።»

በዚህ ላይ ክርክሩ ሁሉ በሹክሹክታ ነው። አባ ደቂቃ መጮህ ተከልክለዋል፤ ክቡር ይግባኝ ደግሞ አደራ አለባቸው፤ እሳቸው ዝቅ ሲሉ ቤቱ ሁሉ ዝቅ አለ። የፍጻሜ ጨዋታ እንዲህ ሲታይ አይቼ አላውቅም። ሌባ የሚለው ስድብ እንኳ በለሆሳስ ሲባል እንደ ጸሎት ነው የሚሰማው።

እና አንድ ነገር እየተለወጠ ሄደ፤ መቼ እንደጀመረ አላስተዋልኩም። እርምጃው ሦስት መሆኑ ቀረ። ክርኑ ቀረ። የክቡር ይግባኝ አነጋገር ጨርቅ እንደሚለካ ሰው አነጋገር ሆነ፤ ኳሱ እዚህ ነው፣ ሰውየው ከመስመሩ አንድ ስንዝር ውጭ ነው፣ ተከላካዩ በግራ ነው፣ ወረወረ፣ የቅርጫቱን ጠርዝ መታ፣ ወጣ። የአባ ደቂቃ ጣት ጠረጴዛው ላይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይሄዳል። አንድ ጊዜማ ሰማያዊዎቹ ከሩቅ ወርውረው ሦስት ነጥብ ሲያገቡ፣ ክቡር ይግባኝ ሳያስቡት «ውብ ነው» አሉ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሰላሉን ለቀቀው። ክቡርነታቸው ቶሎ ብለው፣ አወራወሩን ነው እንጂ ነጥቡን አላልኩም ብለው አስተካከሉ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቢጫዎቹ በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር። ኳሱ በሰማያዊዎቹ እጅ ነው። ቀጭኑ ልጃቸው መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ገባ፣ ዘለለ። የቢጫዎቹ ረጅሙ ተከላካይ፣ «ግንቡ» የምንለው፣ ከኋላ ደርሶ እጁን ሰነዘረ። ኳሱ ሰሌዳውን ገጭቶ ተመለሰ። ቤቱ አንድ ሆኖ ከመቀመጫው ተነሳ፣ ቢጫዎቹ ወሰዱ ተባለ፤ ዞር ስንል የዳኛው ጉንጭ አብጧል፣ እጁ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ጥፋት ነው አለ። ለቀጭኑ ልጅ ሁለት የቅጣት ውርወራ ሰጠ። አንዱን ቢያገባ እኩል ናቸው፤ ሁለቱንም ቢያገባ ዋንጫው ወደ ሰማያዊዎቹ ነው።

ሹክሹክታው እዚያ ላይ አበቃ። ዳቦ ጋጋሪው ጠረጴዛውን እየደበደበ ኳሱን ነው፣ ንጹሕ ነው ይላል፤ ሌላው ዘረፉን ይላል፤ ሁሉም ዞሮ አባ ደቂቃን ማስረዳት ጀመረ፤ ኳሱን ነው የመታው አባ፣ ቆዳውን አልነካም አባ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከቆምኩበት ሳየው ኳሱን የመታ ነው የመሰለኝ።

አባ ደቂቃ የተፈናቀሉትን ቁልፎች በሁለት መዳፋቸው ሸፍነው ተቀምጠዋል።

«እናንተን አልጠየቅኩም» አሉ። «ወንድሜ፣ ነካው?»

ክቡር ይግባኝ ጠመኔዋን ከጆሯቸው መዘዙ። ቤቱ እፎይ አለ፤ ችሎቱ ሊሰየም ነው፤ መስመሩ ሊሰመር፣ ዳኛው ሊገፈፍ ነው። ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደው አፍንጫቸው መስተዋቱን እስኪነካ ተጠጉ። ድጋሚ ምስሉ መጣ። አለፈ። ከሌላ ማዕዘን ተመልሶ መጣ፣ በዝግታ። ጠመኔዋ በአየር ላይ ቆማለች። ግንቡ እጁን ሰነዘረ፣ ደግሞ ሰነዘረ፣ ሦስተኛ ሰነዘረ። ክቡር ይግባኝ አንዲት መስመር ሳያሰምሩ ጠመኔዋን ጆሯቸው ላይ መልሰው ሰኩ።

መጥተው አባ ደቂቃ አጠገብ ተቀመጡ። የሰዓት ጠጋኙን እጅ ከጠረጴዛው አንስተው፣ ከመዳፉ በታች፣ ሰዓት የሚታሰርበት ቦታ ላይ፣ በሁለት ጣታቸው መታ አደረጉት።

«እዚህ ጋ» አሉ። «ከኳሱ በፊት። ዳኛው ልክ ነው።»

ያ ቤት ከተሠራ ጀምሮ ያ ቃል እዚያ ተነግሮ አያውቅም። የተንጠለጠሉት ኮቶች ሁሉ የሰሙ መሰለኝ።

መጀመሪያ አፉን የፈታው ዳቦ ጋጋሪው ነው። ቅስሙ ተሰብሯል። «ጋሼ፣ አያዩም እኮ። ኳሱን ነው ቢሏቸው ምን ነበረበት?»

«ስለማያይ ነዋ» አሉ ክቡር ይግባኝ። «ለእሱ ድጋሚ ምስሉ እኔ ነኝ።»

ቀጭኑ ልጅ ወረወረ። «ገባ» አሉ ክቡር ይግባኝ። ደግሞ ወረወረ። ኳሷ ጠርዙ ላይ ተንገዋለለች። ክቡርነታቸው የአባ ደቂቃን ጣት ይዘው የጣት ቆቡን በክር ጥቅሉ አፍ ላይ ዙሪያውን አዞሩት፣ አዞሩት፤ ከዚያ ለቀቁት። «ገባ።» ቢጫዎቹ በቀረቻቸው ቅጽበት ከግማሽ ሜዳ ወርውረው ሰሌዳውንም ሳቱ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ሰዓቱ ቆመ?»

«ቆመ፣ አንተ ሰው። ወሰዳችሁ። በሐቅ ወሰዳችሁ። ይመዝገብልኝ።»

አባ ደቂቃ ፊታቸውን ወደ ጣራው አነሱ። አባታቸውን ያሰቡ መሰለኝ፤ አልጠየቅኳቸውም። «ማልቀስ ተከልክያለሁ» አሉ።

«እኔን የከለከለኝ የለም» አሉ ክቡር ይግባኝ፤ እጃቸው ያገኘውን ጨርቅ ስበው ፊታቸውን ጠረጉበት። ጨርቁ የእኔ ኮት ገበር ነበር።

ሚስትየው ሲመጡ ጮኸ ወይ ብለው ጠየቁ። አልጮኸም ተባሉ። ካልጮኸማ ቢጫዎቹ አሸነፉ ማለት ነው ብለው ሲያዝኑ፣ አባ ደቂቃ ክንዳቸውን ይዘው በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገሯቸው። ተያይዘው ሲወጡ ሰውየው ትንሽ ይዘሉ ነበር። ይህንን ሐኪሙ አልከለከለም።

አሁን ተግሣጹ ምን ሊሆን ነው? ልተወው አልፈለግኩም። ክቡር ይግባኝ መስኮት ፊት ዛሬም አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እኔም ዛሬም እናደድባቸዋለሁ፤ በዚህ አልታረቅንም። ግን ካንገበገቡኝ ጸሐፊዎችና አለቆች መካከል፣ ሊያጣራበት የማይችል ሰው ፊት ተቀምጦ በራሱ ላይ እውነት የተናገረ ስንቱን አይቻለሁ ብዬ ሳስብ፣ ብዕሬ ትለዝባለች። ያቺ ሁለት ጣት እዚያ መስኮት ጀርባ ብትቀመጥ እላለሁ። አትቀመጥም፤ ኮት ትተኩሳለች።

ፋሻው ተፈታ። ዓይናቸው ድናለች። አባ ደቂቃ ከሐኪም ቤት ቀጥታ የመጡት ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ ነው፤ ያቺን የመጨረሻ ጥፋት አሳዩኝ አሉ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ስልኩ ላይ አወጣላቸው። ማጉያቸውን ገጥመው አዩ። ደግመው አዩ። ማጉያቸውን አንስተው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወንድሜ» አሉ፣ «ይኼ እኮ ኳሱን ነው የመታው። ዳኛው ሰጠን።»

ክቡር ይግባኝ ከመኪናው ላይ ተፈናጥረው ተነሱ። ጠመኔያቸውን መዘው የሰው ስልክ ላይ ያሰምሩ ጀመር። እጁ ይኸው፣ አንጓው ይኸው፣ ኳሱ ገና እዚያ ማዶ ነው፣ ሞራው ሳይወጣልህ ነው ወይ የላኩህ፣ ዳኛው ልክ ነው፣ ልክ ነው እያሉ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኹ። አባ ደቂቃ ደግሞ ዳኛ ሁሉ ሌባ ነው፣ ቢጫዎቹን ዘርፈንብሃል፣ ይቅር በለን ይላሉ። ፊታቸውን ወደ በሩ ስላዞሩ ክቡርነታቸው አላዩም፤ እኔ ግን ከደጅ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ጥርሳቸው ከዳር እስከ ዳር ነበር።

እኔም ኮቴን ተቀብዬ ወጣሁ። ገበሩ እንደ አዲስ ሆኗል፤ ስፌቱ አይታይም። መንገድ ላይ ብርድ ቢለኝ እጄን ወደ ቀኝ ኪሴ ብልክ፣ ኪሱ ጥርቅም ብሎ ተሰፍቷል። ያን እሁድ ሰው ሲበተን ክቡር ይግባኝ ጀርባቸውን ሰጥተውን መኪናው ላይ የተቀመጡት ለዚህ ኖሯል።

ቤቴ ገብቼ ምላጭ አንስቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን ሁሉ ዓመት የሰፈሩ ሰው ኪስ የተሰፋው ዳኛው ሲሳሳት ነው። ዳኛው ልክ በሆነ ዕለት የተሰፋው የእኔ ብቻ ነው።